ሁለት ሳህን ሾርባ

«እናትሽ ትናንት እህትሽ ድንኳን ሁለት ሳህን ሾርባ ጨረሱ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ዚፑ የተበላሸ ቀሚሷን ከፌስታል እያወጣች። «ሁለት ሳህን። በዓይኔ ነው ያየሁት። ዳቦውን ሳህኑ ውስጥ እያዞሩ ጥርግ ሲያደርጉት፣ ‘ይሄስ እጥበትም አያስፈልገው’ ብለን ሳቅን። ታድለሽ፤ እንዲህ ያለች እህት ማን አላት።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። ሱቋ ከእናቷ ጋር ከምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀ፣ ሁለት ደንበኛ ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነገር ነው፤ ጣሪያው በደረጃው ልክ እየወረደ ስለሚመጣ ካውያው ያለበት ጥግ ለመድረስ አንገትን ሰበር ማድረግ ያስፈልጋል። ሰሞኑን የቀረው ክፍት ቦታ ሁሉ በነጭ የጨርቅ ቁርጥራጭና በሦስት ቀለም ሪባን ተሞልቷል። ለፈረንሳይ የባህል ሳምንት አርባ ሽርጥ የሰፋችው እሷ ናት፤ ከታች ጠርዙ ላይ ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ሪባን የዞረበት፣ ከፊት ሰፊ ኪስ ያለው። ሰፈሩ ውስጥ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይብ የሚቆርጠውም፣ ወይን የሚቀዳውም፣ ሾርባ የሚጨልፈውም የእሷን ስፌት ታጥቆ ነው። እሷ ግን እስካሁን ሄዳ አላየችም። ሥራ አለብኝ ብላለች፤ ሥራም አለባት።

«ተሳስተሽ ይሆናል» አለች። «እሳቸው አይበሉም። ባንዲራውን ለማየት ነው የሄዱት።»

«ኧረ ባንዲራ አይበላም» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ደግሞ ሳቁ እኮ። እናትሽ ሲስቁ ጥርሳቸውን ያየሁት ገና ትናንት ነው። ለእርጅናቸውም ቢሆን ከሰው መሃል መሆኑ ይሻላቸዋል። ክፍሉም ደርሷል አሉ፤ ቀለም ተቀብቶ፣ አልጋ ገብቶ።»

«የምን ክፍል?»

ፀጉር ሠሪዋ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ ዘረጋችው፤ ከዚያ እንደገና አጠፈችው። «አልነገረችሽም እንዴ? ወይ አፌ። ከእህትሽ ቁርስ ቤት ጀርባ ያለው ክፍል ነዋ። እሑድ በዓሉ ሲያልቅ እማዬን እወስዳታለሁ ስትል ሰምቼ… ተነጋግራችኋል ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ። ዚፑ ለነገ ይደርሳል አይደል?»

«ማክሰኞ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ነገ አላልሽኝም?»

«ማክሰኞ።»

ፀጉር ሠሪዋ ከሄደች በኋላ የያዘችውን ሱሪ ጠርዝ ሰፍታ ለመጨረስ ሞከረች። ስፌቱ ጠመመባት፤ ፈታችው፤ ደግማ ሰፋችው፤ አሁንም ጠመመ። ሁለት ሳህን። ዛሬ ጠዋት እናቷ ከእጇ የበሉት አራት ማንኪያ ነው። ካሮቱን ልጣ፣ ድንቹን ቀቅላ፣ ጉሮሮ እንዳይዝ በወንፊት አጥልላ፣ ሳህኑንም እንዳይቀዘቅዝ በሙቅ ውኃ አልቅልቃ ነው ያቀረበችው። አራተኛው ማንኪያ ላይ እናቷ እንደ ወትሮው ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አድርገው «ጠግቤያለሁ ልጄ፤ ተባረኪ» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ነው፣ መነጽሩ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ሐኪሙ የጻፈለት የምግብ ወረቀትም ስሙ ከላይ እንደተጻፈበት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ቢጫ ሆኗል። ማንሳት የእናቷ ነው ብላ ትታዋለች። ሲታመም ያስታመመችው እሷ ናት። ትዳር የያዘችው ታናሽየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን በሳቅ ከፍታ ገብታ፣ የአባቷን እግር ለሩብ ሰዓት አሽታ፣ «አቤት ቤቱ ጭልምልም ብሏል» ብላ መጋረጃ ገልጣ የምትሄድ ነበረች። እናትና አባት ግን ቅዳሜን ከሰኞ ጀምረው ነበር የሚጠብቁት። ይኸው ነው እንግዲህ። ሰባቱን ቀን ያለ ሰው አይታይም።

በአምስት ሰዓት ተኩል ካውያውን ነቀለች፤ ሱቁን ቆለፈች።

መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሰው እንደ ልቡ ይፈስበታል። ይህን በዓል የፈረንሳይኛ ቋንቋ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በግቢው ሲያደርገው የኖረ ነው፤ ዘንድሮ ግን አጥሩን አልፎ ሰፈሩን ወረሰው። ከበረንዳ በረንዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ባንዲራዎቹ ይወዛወዛሉ። ድምፅ ማጉያው ማንም ግጥሙን የማያውቀውን ዘፈን ያሰማል፤ ሰዉ ግን በእግሩ እየመታ ይከተለዋል። ጺም አስተካካዩ ቆብ አጋድሎ ደፍቷል። ትናንሽ ክብ ዳቦ ሲሸጥ የኖረው ዳቦ ቤት ክንድ የሚያህል ረጅም ዳቦ ጋግሮ ዋጋውን ሦስት እጥፍ ሰቅሏል፤ ሰልፉ ደግሞ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ነው። ልብስ ሰፊዋ ዋጋ ትጠይቃለች እንጂ አትገዛም። ሁሉንም በራሷ ሚዛን ነው የምትመዝነው፤ አንድ ቁራጭ ሸታታ አይብ የሁለት ሱሪ ማሳጠሪያ፣ በወረቀት ብርጭቆ አንድ ጉንጭ ወይን አንድ ዚፕ፣ በሐምራዊ ሪባን የታሰረ ሳሙና የኮት ገበር። አንዱ ጠረጴዛ ላይ መዳፍ በማትሞላ የጨርቅ ከረጢት የታሰረ የባሕር ጨው አገኘች። ዋጋውን ስትሰማ ሳቋ መጣ፤ የሦስት ቀሚስ ጠርዝ። «ለጨው?» አለች። ሻጯ «እትዬ፣ ይሄ እኮ በእጅ የተለቀመ ነው» አለቻት። «የእኔም ስፌት በእጅ ነው» አለችና አልፋ ሄደች። ሻጯ የታጠቀችው ሽርጥ የግራ ማሰሪያው ትንሽ አጠር ያለ እንደሆነ ልብ ብላለች፤ ሃያ ሰባተኛው ላይ ጨርቅ አንሷት ነበር።

የእህቷን ድንኳን ሳታየው በጠረኑ አወቀችው። ቅቤ ውስጥ ቀስ ብሎ የቀላ ሽንኩርት፣ በላዩ የተጠበሰ አይብ። ዳቦ ያንጠለጠለ፣ ብርጭቆ የጨበጠ ሰው ከብቦታል። መሃል ላይ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ከትልቁ ድስት የምትጨልፈው ታናሽ እህቷ ናት። ቤተሰቡም ሰፈሩም ፍንጭት ይላታል፤ ከፊት ጥርሶቿ መሃል ያለው ክፍተት ስትስቅ ሁሉን ሰው ያስቃል፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ልብስ ሰፊዋ አልቀረበችም። ሻርፕ የሚሸጥበት አጠገብ፣ ከተንጠለጠሉት ጨርቆች ጀርባ ቆመች። አንዱን ሻርፕ እንደምትገዛ ሰው ጫፉን ይዛ ስፌቱን እያየች፣ በሁለት ጨርቅ መሃል አሻግራ ተመለከተች።

እናቷ ከድንኳኑ ውስጥ ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው መሃል የሽንኩርት ጎድጓዳ ሳህን፣ በእጃቸው ቢላ። ሽንኩርት እየላጡ ነው። እቤት ቢላ እንዳይነኩ፣ ምድጃ እንዳይጠጉ፣ ሁሉን ሠርታ የምታቀርብላቸው እናቷ እዚህ ሽንኩርት ይልጣሉ። የታጠቁትንም ሽርጥ አወቀችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ፍንጭት ሱቁ ድረስ መጥታ «እትዬ፣ ከእኔው ጋር አንድ ጨምሪልኝ፤ ለምታግዘኝ ሰው ነው፤ ወገቡ ጠበብ ይበል» ብላት ነበር። ቀጭን ሠራተኛ ቀጥራ ይሆናል ብላ፣ ሌላውን ሁሉ ትታ ማታውኑ አሳምራ ሰፍታ የሰጠቻት እሷ ናት። በገዛ እጇ። እናቷ ሳህን ተቀበሉ፤ ሽንኩርቱን ወደ ጎን አሉና ማንኪያውን አነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ትንፋሿን ያዘች። እናቷ አምስተኛውን ጎረሱ። ስድስተኛውን። አንድ ሰው አንድ ነገር አላቸው፤ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ሸፍነው ሳቁ፤ ከዚያ ዳቦ ቆርሰው ሳህኑን ይጠርጉት ጀመር።

«እህቴ፣ ሻርፑን ወሰድሽው ወይስ ስፌቱን ልትቀጂ ነው?» አላት ሻጩ።

ለቀቀችው። ፍንጭትም በዚያው ቅጽበት አየቻት።

«እትዬ፤ ሱቁን ዘግተሽ መጣሽ?» አለች ጭልፋዋን እንደያዘች። «ዛሬ እንግዲህ ዝናብ አይቀርልንም። ኑ፣ መንገድ ስጧት፤ ሽርጡን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት።» ሰዉ ዘወር ብሎ አያት። አንድ ወይን የያዘ ሰውዬ ብርጭቆውን ከፍ አደረገላት። ፍንጭት ሾርባ ቀድታ፣ አይብ የቀለጠበት ዳቦ ከላዩ ጣል አድርጋ ሰጠቻት። «ቅመሽ። ለእማዬ የምታዘጋጂውን አይስተካከለውም ብለሽ እንዳታሳፍሪኝ ብቻ።»

ቀመሰች። ምስጢሩን ለማግኘት ነበር የቀመሰችው፤ ቅቤው ይሆን፣ አይቡ ይሆን፣ ቅጠል ገብቶበት ይሆን፣ እናቷን ከእሷ የወሰደባት ነገር ምን ይሆን ብላ። አፏ ውስጥ የገባው ግን ከሁሉ በፊት ጨው ነው። ምላሷ ነደደ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

«ኧረ እንኳን ሊበዛበት፣ ሰዉ ጨምሪ እያለኝ ነው።»

«ለምን ታበያቸዋለሽ ታዲያ? እሳቸው ጨው አይበሉም።»

«ማን ከለከላት?»

ሐኪሙ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያኔ ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለው ቢጫ ወረቀት ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ከላይ የተጻፈውም የአባቷ ስም ነው። ስሙን በየቀኑ ታየዋለች። ጨው ለእሱ ተከለከለ፤ ብቻውን ያለ ጨው እንዳይበላ ቤቱ በሙሉ ተወ፤ እሱ ሞተ፤ ሐዘንተኛው የተበተነ ዕለት ማሰሮው ፊት ቆማ እናቷን ብታያቸው ምንም አላሉም፤ እሷም ምንም አላለችም። በማግስቱም እንዲሁ። እናቷ ሐዘናቸውን የያዙት በዚህ ነው ብላ፣ ማክበሯ ነበር። እያደር ግን ማክበሩ ተረሳና ክልከላው ብቻ ቀረ።

«እትዬ» አለች ፍንጭት፤ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «እስካሁን ያለ ጨው ነው የምታበያት? ሦስት ዓመት?»

ወይን የያዘው ሰውዬ ብርጭቆውን አወረደ። እናትየው ቀና አላሉም፤ በያዙት ዳቦ የሳህኑን ከንፈር ዙሪያ ዙሪያውን ይጠርጋሉ፤ ሳህኑ ላይ ግን የሚጠረግ ነገር አልቀረም።

ፍንጭት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ እሑድ ወደ እኔ ትምጣ። ልነግርሽ ስል ነው የሰነበትኩት። ክፍሉ አልቋል፤ አልጋውም ገብቷል። አንቺም ትንሽ ዕረፊ።»

ዕረፊ የሚለው ቃል ከሁሉም በላይ አመማት። ከወቀሳው ይልቅ ደግነቱ አላስቆማት አለ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች ወደ እናቷ ዞራ። ልጅነቷን አያቷ ዘንድ ስላደገች እናቷን የምታናግረው በአንቱታ ነው፤ ፍንጭት ግን ጭናቸው ላይ ተጋድማ «አንቺ እማዬ» ስትል ያደገች ናት። ይህንንም እስከ ዛሬ ቀንታበታለች።

እናትየው ሳህኑን ለፍንጭት ሰጡ። «ልጆች፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉ። «ቤት ስገባ እንነጋገራለን።»

ስትመለስ መንገዱን አላየችውም። ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ውስጥ ገብታ «ጨው ስጠኝ» አለች። ባለሱቁ የበዓሉ ግርግር ያልነካው ብቸኛው ነጋዴ ነው፤ ባንዲራም አልሰቀለም፣ ቆብም አላደረገም። ከባንኮኒው ጀርባ ተነስቶ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ጨው ነው ያልሽው?»

«ጨው።»

«ከእኔ ጨው ከገዛሽ ስንት ዓመት ሆነሽ? ሁሉን ነገር ከእኔ ትገዣለሽ፤ ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ ክብሪቱን። ጨው ብቻ የለም። መቼም ሰው ያለ ጨው አይኖርም፤ ሌላ ሱቅ ለምዳለች፣ እኔን ደግሞ ለይሉኝታ ነው የምትጎበኘኝ ብዬ ተቀይሜሽ ነው የኖርኩት። ለባለቤቴም ነግሬያለሁ።» ጨውን ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ አቧራውን በክንዱ ጠረገ። «ማን ጋ ነበር የምትገዢው? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቀየምም።»

«ማንም ጋ» አለች።

«ጥግ ላይ ያለው አይደለም?»

«አይደለም። አንገዛም ነበር።»

አላመናትም። ቢሆንም ፊቱ ፈካ አለ። «እዚያ ማዶ በከረጢት አስረው በስንት እንደሚሸጡት ሰምተሻል?» አለ ሲሰጣት። «ባሕሩን አብረው የሸጡ ነው የሚመስለው።» ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ይህ ሰው ለሦስት ዓመት ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ስለ አንድ ፓኮ ጨው ሲቀና መኖሩን እያሰበች ወጣች። ማንንም ሳይጠይቅ። ልክ እንደ እሷ።

ወጥ ቤቷ መስኮቱ በደረጃው በኩል ስለሆነ ብርሃኑ ከቀትር በኋላ ነው የሚገባው። ድንቹን ቀቀለች፣ ካሮቱን ቆራረጠች። ሽንኩርት አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው፤ የእህቷን ሾርባ ልትሠራ አልፈለገችም። የራሷኑ ነው የምትሠራው። እንደ ጠዋቱ በወንፊት ልታጠልለው ስትል ቆመች፤ ሽንኩርት በቢላ የሚልጥ፣ ደረቅ ዳቦ የሚያኝክ ሰው ምን ጉሮሮ ይይዘዋል። ወንፊቱን ሰቀለች። የጨው ፓኮውን ቀደደች፤ ቆንጥራ ጨመረች፤ ቀመሰች። ያለ ጨው ለመደው ምላሷ ስንት ይበቃል ብሎ እንደሚነግራት አታውቅም፤ ስፌት ከተወች ዓመታት ያለፏት ሰው መርፌ ስትይዝ ይመስል እጇ ሰግቷል። ለራሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነች። እሷም እኮ ሦስት ዓመት በልታዋለች።

በአሥራ አንድ ሰዓት የፍንጭት ባል እናቷን እስከ በሩ አድርሶ ሄደ። እናትየው ጫማቸውን አወለቁ፤ ገብተው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። ሽርጡን አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘውታል። ጠረጴዛው መሃል ያለውን የተቀደደ ፓኮ አዩት።

«ገዛሽ?» አሉ።

«ገዛሁ።»

የማሰሮው ክዳን ይንቀጫቀጫል። ከታች ከመንገዱ የድምፅ ማጉያው ዘፈን በደረጃው እየተሳበ ይመጣል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ልጅቱ ጀርባዋን እንደሰጠች።

«ምን ብዬ?» እናትየው ሽርጡን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እጥፉን በመዳፋቸው ደለደሉ። «አንቺ ነሽ ያስታመምሽው። ሌሊቱን የተነሳሽለት አንቺ። ሐዘንሽ ይሄ ከሆነ፣ ጨው አምጪ ማለት አባትሽን ርሺው ማለት መሰለኝ። ሲወጣላት ትጨምረዋለች ብዬ ጠበቅኩ።»

«እኔም እርስዎ እስኪወጣልዎት እየጠበቅኩ ነበር።»

«አዎ» አሉ እናትየው። «ዛሬ ፊትሽን ሳየው ገባኝ።»

ተነሱና ወደ ማቀዝቀዣው ሄዱ። ወረቀቱን በጥንቃቄ፣ ጥጉ እንዳይቀደድ በጥፍራቸው እያላቀቁ አነሱት፤ አንድ ጊዜ ስሙን አነበቡና መሳቢያው ውስጥ፣ መነጽሩ አጠገብ አኖሩት። የነበረበት ቦታ ከበሩ ይልቅ ነጭ ሆኖ አራት ማዕዘን ቀረ። ልጅቱ ሾርባውን ቀዳች። ሳህኑን አልቅልቃ ማሞቁን ረስታዋለች። ፊት ለፊታቸው አልተቀመጠችም፤ ላለመቁጠር ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጆሮዋ ግን አልታዘዛትም። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲነካካ አራተኛውን ሰማች። ከዚያ ዝም አለ።

«ትንሽ ጨው አቀብዪኝ» አሉ እናትየው።

አቀበለቻቸው። ማንኪያው እንደገና ጀመረ፤ ቁጥሩ ጠፋባት።

«ለእህትሽ ክፍሉን የሽንኩርት ማስቀመጫ ታድርገው በያት» አሉ እናትየው በመሃል። «አልጋውን እንግዳ ይተኛበት። ጠዋት ጠዋት ሄጄ እልጥላታለሁ፤ እጄ ሥራ ሲያገኝ ደስ ይለኛል። ማታ ማታ ግን ቤቴ ነኝ። ይሄም ሽርጥ ወገቤ ላይ ልክ ብሎልኛል።» ማሰሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ገና ሳላስረው ነው የማን እጅ እንደሆነ ያወቅኩት። እንደ አንቺ ጥግ ላይ ሦስት ጊዜ መልሶ የሚሰፋ የለም።»

ጠዋት ጠዋት የሚለው ቃል ውስጧ ገብቶ አንድ ቦታ ተቀመጠ፤ ከእንግዲህ ጠዋቶቹ የፍንጭት ናቸው። ሳቁም ያለው እዚያ ነው። ይህን አወቀች፤ ዋጠችውም።

«የእህትሽ ሾርባ ግን» አሉ እናትየው፣ «እውነትም ጨው በዝቶበት ነበር።»

ዞራ አየቻቸው። ውሸት ነው። ትናንት ሁለት ሳህን፣ ዛሬ በዓይኗ ያየችው አንድ፣ ከንፈሩ ሳይቀር በዳቦ የተጠረገ። እናቷ እንደምታውቅባቸው ያውቃሉ፤ ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ ባዶውን ሳህን ብቻ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«እኔም ብያታለሁ» አለች፤ ሳህኑን ተቀብላ ሁለተኛውን ቀዳችላቸው።